ውሃ የጠጣው ሥዕል

ወለላን ታውቋታላችሁ? ካላወቃችኋት ጠጋ በሉ፣ ላስተዋውቃችሁ።

ወለላ አምስት ዓመቷ ነው። የምትኖረው ዲላ ነው፤ ከቤታቸው ጀርባ ጓሮ አለ።

ጓሮው ውስጥ ጎመን አለ። ዱባ አለ። ቀይ ስር አለ። ከሁሉም የሚረዝሙት ግን እንሰቶቹ ናቸው። የአንዱ እንሰት ቅጠል ብቻ ከወለላ እናት ቁመት ይበልጣል።

ወለላ ትንሽ ናት ብላችሁ እንዳትንቋት። ሥራ አላት።

በየቀኑ ከምሳ በኋላ ጓሮውን ውሃ ታጠጣለች። ማጠጫዋ ክዳኑ በምስማር የተበሳሳ የላስቲክ ጠርሙስ ነው። ጠርሙሱን ግልብጥ ታደርግና እንዲህ ትላለች፦

«ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ!
ጠጡ፣ ጠጡ፣ እደጉ!»

ጎመኑ ይጠጣል። ዱባው ይጠጣል። አንዳንድ ቀን የወለላ ጫማም ይጠጣል።

ገብስማ የምትባል ዶሯቸው ከኋላ ከኋላዋ ትከተላታለች። እርጥብ አፈር ውስጥ ትል አይጠፋማ።

«ቋቅ?» ትላለች ገብስማ።

«ትል የለም» ትላታለች ወለላ። ገብስማ ግን አታምናትም።

ወለላ አክስት አለቻት፤ የእናቷ እህት ናት፣ ስሟም ጥሩነሽ ነው። የምትኖረው እነሱ ቤት ነው፣ ሥራዋም ሥዕል መሣል ነው።

አክስት ጥሩነሽ በረንዳው ላይ፣ በሰፊው ጠረጴዛ ላይ፣ ትልቅ ሥዕል ስትሠራ ሰነበተች።

ሥዕል ስላችሁ ብሩሽና ቀለም ብቻ እንዳይመስላችሁ። እሷ ያገኘችውን ሁሉ ሸራው ላይ ትለጥፋለች። የደረቀ ቅጠል ትለጥፋለች። የእንሰት ቃጫ ትለጥፋለች። የአሮጌ ቀሚስ ቁራጭና የዱባ ፍሬ ሳይቀር ትለጥፋለች።

ቢጫውን ቀለም ከእርድ፣ ቀዩን ከቀይ ስር፣ ጥቁሩን ከከሰል ታወጣለች። እጇ ሁልጊዜ ባለ ሦስት ቀለም ነው።

ወለላ ሥዕሉን አየችው። ራሷን ወደ ቀኝ ዘንበል አድርጋ አየችው። ወደ ግራ ዘንበል አድርጋ አየችው።

«አክስቴ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«ጓሯችን ነዋ።»

«ጎመኑ የታለ?»

«አለ። ፈልጊው።»

ወለላ ፈለገች። አረንጓዴ ክብ አለ። ቢጫ መስመር አለ። ቀይ ብትንትን ያለ ነገር አለ። ጎመን ግን የለም።

«ትልልቅ ሰዎች ሲላቸው እንዲህ ያደርጋቸዋል» ብላ ተወችው።

አንድ ቀን አክስት ጥሩነሽ ምሳዋን መብላት አቃታት። ጉርሻውን ታነሣና መልሳ ታስቀምጠዋለች።

«ነገ ሐዋሳ የሥዕል ትርዒት አለ» አለች። «ሥዕሌ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ይሰቀላል።»

የአክስት ጥሩነሽ ሥዕል ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ተሰቅሎ አያውቅም። አንድም ቀን።

«መኪናው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመጣል። እኔ ገመድ ገዝቼ አብሬው እመለሳለሁ። ኮላው ገና አልደረቀም፤ እስክመጣ ሥዕሉን ጠብቂልኝ።»

«እሺ» አለች ወለላ።

«እጅሽ እንዳይነካው።»

«እሺ።»

«ወለላዬ፣ እጅሽ እንዳይነካው።»

«እሺ አልኩሽ እኮ!»

አክስት ጥሩነሽ ሄደች። የወለላ እናት ጓሮ ነበረች፤ ከእንሰት የሚሠራውን ቆጮ በእንሰት ቅጠል እየጠቀለለች ነበር።

እናቷ ቆጮውን ጠቅልላ ጉድጓድ ውስጥ ታስቀምጠዋለች። በላዩ ቅጠል ትደርብበታለች፣ ድንጋይም ትጭንበታለች። ሁልጊዜም እንዲህ ትላለች፦ «ሸፍኖ መተው ነው። ራሱ ያምርበታል።»

በረንዳው ላይ ወለላ ብቻዋን ቀረች። ከሥዕሉ ጋር።

መጀመሪያ ገብስማ መጣች። «ቋቅ?» ብላ ጠረጴዛው ላይ ዘላ ልትወጣ ተነሣች። የዱባውን ፍሬ አይታዋለች።

«እሽ! እሽ!» አለች ወለላ። ገብስማ ተመለሰች።

ቀጥሎ ነፋስ መጣ። «ሽውውው…» የሸራው ጫፍ ተነሣ። ወለላ በረንዳው ጫፍ ላይ ቆማ ቀሚሷን በሁለት እጇ ዘረጋችና ነፋሱን ጋረደችው። ነፋሱ ሄደ።

ከዚያ ፀሐይ መጣች። ፀሐይን ግን እሽ ብሎ ማባረር አይቻልም።

ፀሐይዋ ጣሪያውን አልፋ ሥዕሉ ላይ አረፈች። የደረቁት ቅጠሎች ጫፋቸው ተጠቀለለ። «ጭርር…» አሉ።

ወለላ አፏን ከፍታ አየቻቸው። እንዲህ ያሉ ቅጠሎች ታውቃለች። ጓሮው ውስጥ ጫፉ የተጠቀለለ ቅጠል ካለ ውሃ ጠምቶታል ማለት ነው።

«አክስቴ ጓሯችን ነው ብላለች» አለች። «ጓሮ ደግሞ ይጠማዋል።»

ገብስማ በአንድ ዓይኗ አየቻት። «ቋቅ?»

«እጅሽ እንዳይነካው ነው ያለችኝ። ጠርሙስ እጅ አይደለም። ውሃም እጅ አይደለም» አለቻት ወለላ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሏት ነበር? እኔ «ተይ፣ ወለላ» እላት ነበር። ግን ማን ሰማኝ።

ወለላ ጠርሙሷን ሞላች። ወንበር ላይ ወጣች። ግልብጥ አደረገችው።

«ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ!
ጠጡ፣ ጠጡ፣ እደጉ!»

ሥዕሉ መጀመሪያ አብረቀረቀ። በጣም አማረ። ወለላ ደስ ብሏት ሁለተኛ ጠርሙስ ሞልታ መጣች።

«ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ…»

ከዚያ ቢጫው ተንቀሳቀሰ።

ወለላ ጠርሙሱን ቀና አደረገችው። ቢጫው ግን መንቀሳቀሱን አላቆመም። ቀስ ብሎ ወደ ቀዩ ሄደ።

ቀዩም ወደ ቢጫው መጣ። ጥቁሩ ተንሸራተተ። አንድ ትንሽ ቅጠል ከቦታው ተነሥቶ እንደ ጀልባ መንሳፈፍ ጀመረ።

«ቁሙ!» አለች ወለላ። ቀለሞቹ አልቆሙም።

ልቧ «ድው! ድው! ድው!» አለ።

በአፏ ነፋችበት። «እፍ! እፍ! እፍ!» ቀለሙ ጭራሽ ሩቅ ሄደ።

ውሃውን ወደ ጠርሙሱ ልትመልሰው አሰበች። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ሲባል አልሰማችም መሰለኝ። አሁን ግን በዓይኗ አየችው።

ወለላ ፈራች። አክስቷን በጣም ትወዳታለች፣ ያ ሁሉ ቀን የሠራችውን ደግሞ ያበላሸችባት እሷ ናት።

ያን ጊዜ ግድግዳው ጥግ የቆሙትን የእንሰት ቅጠሎች አየች። እናቷ ለቆጮው ብላ ጠዋት የቆረጠቻቸው ናቸው።

«ሸፍኖ መተው ነው» አለች ወለላ ቀስ ብላ። «ራሱ ያምርበታል።»

ትልቁን ቅጠል ያዘችው። ጎተተችው። «ሽር… ሽር… ሽር…» ቅጠሉ ከእሷ ይረዝማል፣ ከእሷ ይከብዳል።

ወንበሩ ላይ ወጣችና ቅጠሉን ሥዕሉ ላይ አለበሰችው። ሌላ ቅጠል አመጣች። እሱንም አለበሰችው።

ከዚያ እናቷ ቆጮውን እንደምትጫነው በሁለት መዳፏ ተጫነችው። እዚህ ጫን። እዚያ ጫን። አራት ድንጋይም አስቀመጠችበት።

አሁን ምንም አይታይም። አረንጓዴ ቅጠል ብቻ ነው የሚታየው።

ወለላ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ምንም እንዳላደረገ ልጅ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባል የለ?

ዶሮዋ ደግሞ እዚያው አለች። ሁሉንም አይታለች። «ቋቅ?»

«ዝም በይ» አለቻት ወለላ።

ትንሽ ቆየች። ተነሥታ ቅጠሉን ልትገልጥ እጇን ዘረጋች። አምሮበት ይሆን? ባያምርበትስ? እጇን መለሰች።

እንደገና ዘረጋች። እንደገና መለሰች።

«ጲጵ! ጲጵ!»

መኪናው መጣ።

አክስት ጥሩነሽ ገመዱን ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላ ከመኪናው ወረደች። ሹፌሩ ጋሽ በራሶም ወረዱ። ጋሽ በራሶ ቆባቸውን ተኝተውም አያወልቁም ይባላል።

«ማነው እንዲህ የሸፈነው?» አለች አክስት ጥሩነሽ።

ወለላ ጫማዋን አየች።

«እህቴ ናት! ከአቧራ ሸፈነችልኝ። እጇ ይባረክ» አለች አክስት ጥሩነሽ። «ጋሽ በራሶ፣ መንገዱ አቧራ ነው፣ እንዳለ ብናስረውስ?»

«እንዳለ እንሰረው» አሉ ጋሽ በራሶ።

«ነገ አዳራሹ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ ባለበት እገልጠዋለሁ።»

ወለላ ይህን ሰማች። ዛሬ ማንም አይገልጠውም። ዛሬ ማንም አያውቅም። ዝም ካለች ቆጮዋን በልታ መተኛት ትችላለች።

ገመዱ ዞረ። «ስርርር… ጥብቅ!» አንድ ዙር።

ነገ ግን አክስቷ አዲሱን ቀሚሷን ትለብሳለች።

«ስርርር… ጥብቅ!» ሁለት ዙር።

ነገ ያ ሁሉ ሰው ቆሞ ያያታል። አክስቷ እየሳቀች ቅጠሉን ትገልጣለች። ከዚያ ሣቋ ይጠፋል። ወለላም እዚያ አትኖርም።

«ስርርር…»

«ፍቱት» አለች ወለላ። ድምፅዋ በጣም ትንሽ ስለነበረ ማንም አልሰማትም።

ጋሽ በራሶ የገመዱን ጫፍ ያዙ። ሊቋጥሩት ነው።

«ፍቱት!» ብላ ጮኸች ወለላ። ገብስማ ደንግጣ በረረች።

አክስት ጥሩነሽ ዞር አለች። «ምን ሆንሽ?»

የወለላ እንባ መጣ። «ጠምቶት ነበር። ቅጠሎቹ ጠምቷቸው ነበር። ውሃ አጠጣሁት።»



ጋሽ በራሶ ቆባቸውን አወለቁ።

«ስንት ጠርሙስ?» አለች አክስት ጥሩነሽ።

«አንድ» አለች ወለላ። ከዚያ አሰበች። «እና ግማሽ።»

አክስት ጥሩነሽ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። እጇን ግንባሯ ላይ አደረገች። ወለላ አክስቷን እንዲህ ሆና አይታት አታውቅም።

«እጄ አልነካውም» አለች ወለላ እያለቀሰች። «ግን ውሃው ነካው። ቀለሞቹ ሲሄዱ ቁሙ አልኳቸው። እምቢ አሉኝ። ከዚያ ሸፈንኩት።»

አክስት ጥሩነሽ ተነሥታ ገመዱን ፈታችው። አንድ ዙር። ሁለት ዙር። ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አወረደች።

የወለላ እናትም ጩኸቱን ሰምታ ከጓሮ መጣች። ሁሉም ጠረጴዛውን ከበው ቆሙ።

አክስት ጥሩነሽ የቅጠሉን ጫፍ ያዘች። ቅጠሉ ተጣብቋል። ቀስ አድርጋ ላጠችው።

«ጭርርርር…»

ወለላ ዓይኗን ጨፈነች። ልቧ «ድው! ድው! ድው!» አለ።

ወለላ አንድ ዓይኗን ብቻ ከፈተች።

አክስት ጥሩነሽ ራሷን ወደ ቀኝ ዘንበል አድርጋ ሥዕሉን ታያለች። አሁን ደግሞ ወደ ግራ።

«አበላሸሁት?» አለች ወለላ።

«ቆይ፣ ልየው።»

ወለላ ሁለተኛውን ዓይኗንም ከፈተች።

ሥዕሉ መሐል ላይ ቅድም ያልነበረ ወፍራም መስመር አለ። ከእሱ ግራና ቀኝ ደግሞ ቀጫጭን መስመሮች፣ ብዙ፣ ጎን ለጎን። የእንሰቱ ቅጠል ጅማቶች ናቸው። እርጥቡ ቀለም ላይ ታትመው ቀርተዋል።

ቢጫው በአንዱ መስመር ሄዷል። ቀዩ በሌላው ሄዷል። ውሃ በቦይ እንደሚሄደው።

«እቴ፣ ይኼን ማን ሣለው?» አለች የወለላ እናት።

«እንሰቱ» አለች አክስት ጥሩነሽ ቀስ ብላ። «እኔ ስንት ቀን ቅጠል ለጠፍኩ። እሱ ራሱን ሣለ።»

ጋሽ በራሶ ጎንበስ ብለው አዩ። «እኔ ሥዕል አላውቅም። ይኼ ግን የጓሮ መደብ ይመስላል» አሉ።

ወለላ እንባዋን በክንዷ ጠረገች። «አማረ?»

«ይኼ አማረ» አለች አክስት ጥሩነሽ። ከዚያ ወደ ታችኛው ጥግ ጠቆመች። «ይኼኛው ግን ተበላሽቷል። አልዋሽሽም፣ አዝኛለሁ።»

እውነቷን ነው። ጥጉ ላይ ቀለሙ ሁሉ ተደበላልቆ ጭቃ ሆኗል።

«ሳልነግርሽ ብቀርስ ኖሮ?» አለች ወለላ።

«ነገ በሰው ፊት እደነግጥ ነበር። አሁን ግን ጊዜ አለን።»

«ብዙ ጊዜ የለንም» አሉ ጋሽ በራሶ። «ሳይመሽ መግባት አለብኝ።»

አክስት ጥሩነሽ ጭቃውን በቢላዋ ፋቀችው። ቀይ አፈር ከኮላ ጋር ለወሰችና ጥጉን ሞላችው። ከዚያ አንድ እፍኝ የዱባ ፍሬ አመጣች።

«ወለላዬ፣ ነይ። አሁን እጅሽ ይንካው።»

ወለላ ወንበሩ ላይ ወጣች። አንድ ፍሬ ተከለች። ሁለት ፍሬ ተከለች። «ጲጵ! ጲጵ!» አሉ ጋሽ በራሶ ከመኪናው። ሦስት ፍሬ ተከለች።

ሁሉንም ተክላ ስትጨርስ ከወንበሩ ላይ ሆና ወደ ታች አየች። አረንጓዴው ክብ እዚያ አለ። እንዲህ ያለ ክብ ታውቃለች። በየቀኑ ጠርሙሷን ይዛ ከላይ ታየዋለች።

«ጎመኑ! አክስቴ፣ ጎመኑ ይኸውና! ከላይ ነው እንዴ የሚታየው?»

«ከላይ ነው» አለች አክስት ጥሩነሽ፤ ከመጣች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሣቀች። ወለላን አቅፋ ሳመቻት። «ከዛሬ ጀምሮ ግን የኔን ጓሮ ከማጠጣትሽ በፊት ጠይቂኝ።»

«እሺ» አለች ወለላ። ይኼኛው እሺ ከቅድሙ ይበልጣል።

ሥዕሉ መኪናው ላይ ጋደም አለ። ጥጉን ገመድ እንዳይነካው አርቀው አሰሩት። አክስት ጥሩነሽ አብራው ሄደች።

ወለላ መኪናው እስኪጠፋ ድረስ አየችው። ያን ሌሊት፣ በማግስቱም ቀኑን ሙሉ፣ ስለ ሥዕሉ አሰበች። ጎመኑን ስታጠጣም አሰበች። ጫማዋ ሲጠጣም አሰበች።

በማግስቱ ማታ፣ ወለላ ልትተኛ ስትል በሩ ተንኳኳ። «ኳ! ኳ!»

አክስት ጥሩነሽ ናት። አዲሱን ቀሚሷን እንደለበሰች አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ስልኳን አወጣች።

«ተሰቀለ?» አለች ወለላ።

«እዪው።»

ስልኩ ላይ ትልቅ ነጭ ግድግዳ አለ። ግድግዳው ላይ ሥዕሉ አለ፤ ቦዮቹም፣ ጎመኑም፣ የተከለቻቸው ፍሬዎችም አሉ። ሰዎች ቆመው ያዩታል። አንድ ሽማግሌ ራሳቸውን ወደ ቀኝ ዘንበል አድርገዋል።

«ሰው ሁሉ መስመሮቹን እንዴት ሣልሻቸው ብሎ ጠየቀኝ። የሣሏቸው የእንሰት ቅጠልና የእህቴ ልጅ ናቸው አልኩ።»

ወለላ ደስ አላት። በጣም ደስ አላት። ከዚያ ከሥዕሉ ጎን ያለውን ትንሽ ወረቀት አየች።

«ይኼ ምን ይላል?»

«በእጅ መንካት ክልክል ነው።»

ወለላ አሰበች።

«አክስቴ፣ ውሃ ማጠጣትም ክልክል ነው ብለሽ ጨምሪበት» አለች። «ሌላ ልጅ ከመጣ አያውቅም።»

አክስት ጥሩነሽ እንባዋ እስኪመጣ ሣቀች። አብራቸው የነበረችው የወለላ እናትም ሣቀች። ከዚያ እናቷ ብርድ ልብሱን ሳበች፤ የወለላን እግር አለበሰች፣ ሆዷን አለበሰች፣ ትከሻዋን አለበሰች።

«እማዬ፣ እኔም ተሸፍኜ ያምርብኛል?»

«እስኪነጋ በጣም ያምርብሻል።»

ውጭ ዝናብ ጀመረ። ጓሮው ውስጥ ጎመኑ ላይ፣ ዱባው ላይ፣ እንሰቱ ላይ። ወለላ ዓይኗን ጨፍና፣ ቀስ ብላ፣ ከዝናቡ ጋር አለችው፦

«ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ…
ጠጡ፣ ጠጡ፣ እደጉ…»

ገብስማም ከቆጧ ላይ ሆና «ቋቅ» አለች። ዛሬ ጥያቄ አልነበራትም። ወለላ ተኛች።